ሰባት ሰዓት ላይ አንድ

ዓለም ገና፣ ጥቅምት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለዘርሁን፣

የጌታ ሰላም ይብዛልህ። እኔ ደህና ነኝ። አንተ «ደህና ነኝ» ስትል ግን አላምንህም፤ ባለፈው ደብዳቤህ ከላይ ደህና ነኝ ብለህ ከታች አንሶላዬ ላይ ደም አገኘሁ ትላለህ። ከሁለቱ አንዱን ምረጥና ጻፍልኝ።

ስልክ እያለ ምን ደብዳቤ ያጻጽፈናል ብዬ መነዝነዜን ትቻለሁ። ስድስት ሆናችሁ በአንድ ክፍል ስትኖሩ፣ ስልክህም ለመዝሙር ለኳስ እየተባለ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር፣ የቆዳህን ነገር በእሱ ማውራት እንደማትፈልግ ገብቶኛል። የምሠራበትን የሰዓዲያን ሱቅ ሳሙና የሚያከፋፍለው የህያ ማክሰኞና ዓርብ ሱሉልታ ድረስ ይወጣል፤ ለፋብሪካችሁ ጥበቃ ይሰጥልኛል። የህያ የሰው ደብዳቤ ከፍቶ የሚያነብ አይደለም፤ የራሱን ደረሰኝም አያነብም።

አሁን ሐኪሟ ወዳዘዘችልህ ክኒን። ሰበታ ያሉትን መድኃኒት ቤቶች አዳረስኳቸው። አንዱ «የለም»፣ አንዱ «ድሮ ነበር» አለኝ፤ አንዷ ደግሞ ወረቀቱን ገልበጥ አድርጋ አይታ «ለማን ነው?» ብላ ስትጠጋኝ፣ ለጎረቤት ነው ብያት ወጣሁ። በመጨረሻ ቡራዩ አገኘሁት። ሰልፉ እስከ በር ድረስ ነው። የሚያስተናግዱት ኦቦ ዲሪርሳ የሚባሉ ጠና ያሉ ሰው ናቸው፤ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው መነጽር የሚፈልጉ ዓይነት። ከፊቴ ካሉት ሁሉ ጋር በኦሮምኛ ሲያወሩ ቆይተው እኔ ጋ ሲደርሱ «አፋን ኦሮሞ ደንዴሳ?» አሉኝ፤ ኦሮምኛ ትችያለሽ ወይ ነው። «ኤዬ»፣ አዎ አልኳቸዋ። አራት ዓመት ሙሉ ዓለም ገና ገበያ በድንችና በሽንኩርት የተከራከርኩት ለመቼ ይሆነኛል? አንተ ሱሉልታ ሦስት ዓመት ተቀምጠህ ከ«አከም» አላለፍክም።

ከሐኪሟ ያልሰማኸውንም ጠይቄልሃለሁ። ሸሚዝህን አስወልቃ ለተማሪዎቿ ስታሳይህ ጆሮህ ቢደፈን አይፈረድብህም። አወሳሰዱ ቀላል ነው፦ ሰባት ሰዓት ላይ አንድ። የምሳ ደወል ሲደወል ትውጣለህ ማለት ነው። አሥራ ሁለት ፍሬ ነው የሰጡኝ፤ መድኃኒቱ ስለሚጠፋ በጥቂት በጥቂቱ የሚያድሉት መሰለኝ። ሲያልቅ ንገረኝ።

እንዳልከኝ ከካርቶኑ አውጥቼ በቫይታሚን ዕቃ ውስጥ አድርጌዋለሁ። እውነትህን ነው፣ ውስጡ ያለው ወረቀት ካንሰር የሚል ቃል አለበት፤ የክፍል ጓደኞችህ ቢያገኙት ያንን ብቻ ነው የሚያነቡት። ኦቦ ዲሪርሳን ብጠይቃቸው ለቆዳም በትንሹ ይሰጣል ብለውኛል። ካርቶኑን ላዩ ላይ ከሞነጫጨሩት የማይነበብ ጽሑፍ ጋር ጣልኩት።

ቅባቱን አትርሳ። ገላህን እንደታጠብክ፣ ሳይደርቅ፣ ቫዝሊኑን ሳትሰስት ተቀባ። የሚያቃጥል ውሃ ተው። ቅርፊቱን በድንጋይ አትፈግፍግ። የክፍል ጓደኛህ ጃራ ጭርት ነው ብሎ ነጭ ሽንኩርት የቀባልህ ቦታ ምን እንደሆነ አይተሃል፤ ሐኪሟ የተላጠ ቦታ ሁሉ አዲስ ያወጣል ብላሃለች። ጃራ ደግ ልጅ ነው፣ ግን ሕክምና በአንተ ላይ አይለማመድ።

እናታችን ከዱራሜ ደውላ ነበር። ዘርሁን ለምን ጠፋ አለችኝ። ፈረቃ በዝቶበት ነው አልኳት።

እህትህ ጣቢታ


ሱሉልታ፣ ኅዳር 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለጣቢታ፣

ሰላምሽ ይብዛ። ዕቃው ደርሶኛል። ከጥቅምት 27 ጀምሮ የምሳ ደወል ሲደወል አንድ አንድ እየዋጥኩ ነው። አንድም ቀን አልረሳሁም፤ ስለዚህ በየደብዳቤው አትጠይቂኝ።

አሁንም ፋብሪካው ውስጥ ጠርሙስ የሚደረደርበት ቦታ ነኝ። ጓንቱ ከውጭም ከውስጥም ይረጥባል። እዚህ በዚህ ወር ነፋሱ ከተራራው እየወረደ ከንፈር ይሰነጥቃል። ሐኪሟ ብርድና ድርቀት ያባብሰዋል ብላኛለች፤ ሱሉልታ ተቀምጦ ከብርድ መራቅ እንዴት እንደሚቻል ግን አልነገረችኝም። ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ከመጋዘኑ ጀርባ ሄጄ እጄን ለአሥር ደቂቃ አሞቃለሁ። እሱ ደህና ነው።

ስለ አልጋዬ ሰምተሽ ከሆነ እውነት ነው። ጥበቃው ለየህያ አውርቶ ይሆናል። ሁለቱ ልጆች አልጋዬ ላይ መቀመጥ ትተዋል። ቅርፊቱን ጠዋት ከሁሉም ቀድሜ ተነስቼ እጠርጋለሁ። ሶሪያሲስ ይባላል፣ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም ብዬ ልነግራቸው እችል ነበር። ግን አይተላለፍም ለማለት መጀመሪያ አለብኝ ማለት ሊኖርብኝ ነው። ያንን ከአፌ ማውጣት አቃተኝ።

የምፈልገው ብዙ አይደለም። ለገና እጅጌዬን ሰብስቤ ከሰው ጋር ቧንቧው ላይ ብታጠብ ይበቃኛል። ሙቀት ቢሆን ብርድ ቢሆን ረጅም እጅጌ መልበስ ሰልችቶኛል።

አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ትስቂያለሽ። ጃራ የቫይታሚኑን ዕቃ አየና አንድ ስጠኝ አለኝ። አይሆንም አልኩት። አንድ ዳቦ ለሁለት ቆርሶ የሚያበላኝን ሰው አንዲት ቫይታሚን ከለከልኩት። አሁን በክፍሉ ስሜ ስስታሙ ሆኗል። ምን ልበለው?

ሰውነቴ ደህና ነው። ምግብ ትንሽ ያቃጥለኛል፤ ወጥ የምትሠራልን ሴትዮ በርበሬ ታበዛለች።

ወንድምሽ ዘርሁን


ዓለም ገና፣ ኅዳር 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለስስታሙ ወንድሜ፣

የጌታ ጸጋ ካንተ ጋር ይሁን። ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ ሳቅሁበት፤ ሦስተኛ ጊዜ ሳነበው ግን ሆዴ ባባ። ጃራን አንድ ቀን ምሳ ጋብዘውና ይታረቅህ።

ሁለተኛዋ ወረቀትህ ደግሞ ምን ማለት ናት? የህያ ዛሬ ጠዋት ለብቻ ይዟት መጣ። ወጡ ሳይሆን አፍህ ነው የቆሰለው ትላለህ፣ ልተወው ወይ ትላለህ። ዘርሁን፣ ጀምረህ አትተው። አምና ምን እንደሆንክ ረሳኸው? መንገድ ዳር ያለው ክሊኒክ ገብተህ መርፌ ተወጋህ፤ በሳምንቱ ቆዳህ ጠራ፤ ሁላችን እልል አልን፤ በወሩ ከራስ ቅልህ እስከ ቁርጭምጭሚትህ እጥፍ ሆኖ መጣብህ። ሐኪሟ የተቆጣችህ እኮ በዚያ ነው። ይህን በሽታ ዝም ማሰኘት እንጂ ማባረር የለም፣ በትዕግሥት የሚወሰድ መድኃኒት ያስፈልገዋል ብላሃለች። ትንሽ ስላቃጠለህ አቋርጠህ እንደገና ከዜሮ አትጀምር። ጠንካራ መድኃኒት ሲሠራ አፍ ያቆስላል፤ ሰዓዲያም እህቷ እንዲህ ሆና እንደነበር ነግራኛለች። ማር ቀባበት፣ ለብ ባለ ውሃ በጨው ተጉመጥመጥ።

የየህያ መኪና እየጮኸ ነው። ቶሎ ልስጠው። በርታ፣ አንድም ቀን አትዝለል።

እህትህ ጣቢታ


ሱሉልታ፣ ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጣቢታ፣ ሰላም ነው?

ጽሑፌን ይቅር በይኝ፣ ተኝቼ ነው የምጽፈው። እንዳልሽው አላቋረጥኩም። ትናንት ሰባት ሰዓት ላይ የመጨረሻዋን ዋጥኩ። ዕቃው ባዶ ነው። ቡራዩ ሄደሽ ሌላ አምጪልኝ።

አንድ ነገር ግን ግራ ገብቶኛል። የቀጠሮ ካርዴ ጥር 20 ይላል። ለሦስት ወር ቀጥረውኝ የአሥራ ሁለት ቀን ብቻ እንዴት ይሰጡሻል? ሰውዬውን ጠይቂልኝ።

ክርኔና ጉልበቴ ላይ ያለው ቅርፊት ተነስቷል። ከሥሩ ግን ጥሬ ሥጋ ነው፤ ሸሚዜ ይጣበቅበታል። መድኃኒቱ እየነቀለው ነው ብዬ አሰብኩ። ውሃ መዋጥ ከብዶኛል። ትኩሳቱ የብርዱ ነው። ሁለት ቀን ሥራ አልገባሁም፤ ጃራ ሻይ በማንኪያ ያጠጣኛል። ምንህን ነው አላለኝም።

ለእናታችን ምንም አትንገሪ።

ዘርሁን


አዲስ አበባ፣ ሆስፒታሉ ግቢ፣ ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድሜ፣

በሩ ላይ ነኝ። አንተ ያለህበት ክፍል ሰው አይገባም፤ ደሙ ውስጥ በሽታ የሚከላከለው ነገር አልቋልና ጉንፋን እንኳ ቢሆን ይገድለዋል አሉኝ። ነርሷ ወረቀት ካለሽ አንብቤለት አወጣለሁ አለች። ስለዚህ ይህን የምትሰማው በእሷ ድምፅ ነው። እህቴ፣ ቀስ ብለሽ አንብቢለት።

የጠየቅከኝን ልመልስልህ። አዎ፣ ከዛሬ ሦስት ቀን በፊት ደብዳቤህን ይዤ ቡራዩ ሄድኩ። ኦቦ ዲሪርሳን ክኒኑ አልቋል አልኳቸው። መነጽራቸውን አወለቁ። «ምኑ ነው ያለቀው? የሦስት ወር ነው እኮ የሰጠሁሽ» አሉ። ክኒኑ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው የሚዋጠው፣ ዘርሁን። በሳምንት አንድ። የሦስት ወሩን በአሥራ ሁለት ቀን ጨረስከው። ከዚያው ከመድኃኒት ቤቱ ስልክ ጃራ ጋ ደወልኩ፤ ጃራ ስልኩን ሳይዘጋ ነው አዝሎህ የወጣው።

ማን ነው በየቀኑ ያለሽ ብለህ በነርሷ አስጠይቀኸኛል። ሰውዬው ናቸው። እንዲያ ነው የነገሩኝ። ተሳስተው ነው። አሁን እሱን አታስብ።

ማርከሻውን በየስድስት ሰዓቱ ይሰጡሃል። መዋጥ ባትችልም በደም ሥር ይገባል። ለእናታችን ገና አልነገርኩም። ጸልይ ልልህ ነበር፤ እኔ እጸልያለሁ፣ አንተ ተኛ።

ጣቢታ


ሱሉልታ፣ ታኅሣሥ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለጣቢታ፣

ጌታ ይመስገን፣ ቤቴ ገብቻለሁ። ቤት ካልነው። ፀጉሬ ትራሱ ላይ ይቀራል፤ ምላሴ ግን ድኗል፣ አጥሚት ሳያቃጥለኝ ጠጣሁ። ፋብሪካው የአንድ ወር ፈቃድ ሰጥቶኛል፤ ደመወዝ የለውም። ያንን ክኒን ደግሜ እንዳልነካ ሐኪሟ ፋይሌ ላይ በቀይ ጻፈች። አሁን ያለኝ ቅባትና የጠዋት ፀሐይ ነው። ቅርፊቱ እየተመለሰ ነው። ጭንቀትም ይቀሰቅሰዋል አለችኝ፤ እሺ አልኳት።

ጃራ ሁሉንም ያውቃል። ሸሚዜን አውልቆ ያጠበኝ እሱ ነው፤ ከዚያ በኋላ ምን እደብቀዋለሁ? የበሽታውን ስም ነገርኩት። «ይሄ ነው እንዴ? አጎቴም አለበት» አለኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ ከዚህ ሰው ጋር ተኝቼ አንድ ቃል አልወጣኝም። የቫይታሚኑን ነገር ሲሰማ ደግሞ ባዶውን ዕቃ አንስቶ አገላብጦ አየው። አንድ ሰጥቼው ቢሆን ኖሮ እያልኩ አሁንም ያልበኛል።

አሁን የምጽፍልሽ ለሌላ ነገር ነው። ተኝቼ ሳለሁ ጃራና ከቤተ ክርስቲያን ሁለት ወንድሞች ቡራዩ ሄደው ነበር። ሱቅ ሙሉ ሰው ፊት ሰውዬውን ነፍሰ ገዳይ አሏቸው። እሳቸውም «በሳምንት ነው ያልኳት፣ ካርቶኑ ላይም ጽፌያለሁ» ብቻ እያሉ ይመልሱ ነበር አሉ። ካርቶኑ የት አለ ሲባል ማን ያሳይ? ባለቤቱ የመድኃኒት ቤቱ ስም እንዳይነሳ ብሎ በማግሥቱ አሰናብቷቸዋል። ወንድሞች ይህ አይበቃም፣ ክስ እንመሥርትና ፈቃዳቸው ይነጠቅ፣ ሌላ ሰው እንዳይገድሉ ይላሉ። እኔም ተስማምቻለሁ።

የሚቀረው ያንቺ ቃል ነው። ሰውዬው ያሉሽን ነገር ቃል በቃል ጻፊልኝ። በኦሮምኛ ከሆነ በኦሮምኛው ይሁን፤ ጃራ ያነበዋል፣ ይተረጉመዋል። ከሥሩ ፈርሚበት።

ወንድምሽ ዘርሁን


ዓለም ገና፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለዘርሁን፣

ሰላምታ ልጽፍ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስቱንም ቀደድኩ። ስለዚህ ያለ ሰላምታ ነው።

ያሉኝ ይህ ነው፦ «ቶርበኒቲ ቶኮ»።

ጃራ እስኪተረጉመው አልጠብቅም። በሳምንት አንድ ማለት ነው። እኔ የማውቀው የገበያውን ኦሮምኛ ነው፤ ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ እያልኩ እስከ መቶ እቆጥራለሁ። ቶርባ ሰባት ነው። «ቶርባን» የሚለው ቃል ደግሞ ሳምንት መሆኑን አላውቅም ነበር። ገበያ ላይ በኪሎ እንጂ በሳምንት የሚሸጥ የለማ። ሰባት ላይ አንድ ያሉኝ መሰለኝ። ሰባት ሰዓት የምሳ ሰዓትህ ነው፤ ክኒን ደግሞ ከምግብ በኋላ ይዋጣል፤ ሁሉም ነገር ልክ ሆኖ ገጠመልኝ።

ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ስህተት ነው ብዬ እጽፍልህ ነበር። ኦቦ ዲሪርሳ ሦስት ጊዜ «ሲፍ ገሌ?» አሉኝ። ገባሽ ወይ ነው። ይህችን አውቃታለሁ። ሦስት ጊዜ «ኤዬ» አልኳቸው። ከዚያ ፊቴን አዩኝና በአማርኛ «መድኃኒቱ ከባድ ነው፣ በአማርኛ ልድገምልሽ?» አሉኝ። ከኋላዬ የተሰለፈች ሴት ሳቀች፤ በእኔ ይሁን በሌላ አላውቅም። ፊቴ ጋለ። «አያስፈልግም፣ ኦሮምኛ እችላለሁ» አልኳቸው። በኩራት ነው ያልኩት። ከዚያ ወጥቼ ሚኒባስ ውስጥ ለአንተ እንዴት ጉራ እንደምነዛ እያሰብኩ መጣሁ፤ ነዛሁም፤ ደብዳቤው አንተ ጋ ነው።

ኅዳር 11 ክኒኑ አለቀ ስላቸው ያንኑ ቃል ደገሙልኝ፤ ወዲያው በአማርኛ «በሳምንት» አሉ። ያኔ ነው ያወቅሁት። ወንበር ያመጡልኝ እሳቸው ናቸው። ስልኩንም የሰጡኝ እሳቸው ናቸው። አምቡላንስ ጥሩ፣ ማርከሻ አለው፣ ስሙን ጻፊ ብለው ያጻፉኝም እሳቸው ናቸው፤ ሐኪሞቹ ቶሎ የደረሱልህ ያንን ወረቀት ይዤ ስለገባሁ ነው።

ሆስፒታሉ በር ላይ ጃራ በሁለት እጁ ያዘኝና «ማን ነው በየቀኑ ያለሽ?» አለኝ። ሸሚዙ ላይ ያንተ ደም ነበረበት። እሳቸው አልኩት። አንዴ ለጃራ ካልኩ በኋላ ለነርሷም አልኩ፣ ለአንተም ጻፍኩ። ትሞታለህ ብዬ ነበር። ስትሞት እህቴ ገደለችኝ ብለህ እንዳትሞት ፈለግሁ። ይህንን ለራሴ እንዲህ ነው የነገርኩት። እውነቱ ግን ፈርቼ ነው። ስትድንም ፈራሁ፤ አንተ ስትድን ውሸቱም አብሮ ተረሳ ብዬ ተስፋ አደረግሁ። ከሥራ መባረራቸውን ያወቅሁት ካንተ ደብዳቤ ነው።

አፌ ቆሰለ፣ ልተወው ወይ ብለህ ስትጠይቀኝም አንድም ቀን አትዝለል ብዬ የጻፍኩልህ እኔ ነኝ። እሱንማ ማንም በምንም ቋንቋ አልነገረኝም።

የምፈርመው በዚህ ላይ ነው። ለወንድሞች አንብብላቸው። ብትፈልግ ለእናታችንም።

ጣቢታ


ሱሉልታ፣ ታኅሣሥ 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጣቢታ፣

የዘገየሁት ስላመመኝ አይደለም። ምን እንደምጽፍ ስላላወቅሁ ነው።

ደብዳቤሽን ለጃራ ሰጠሁት። ቃሉን ጮክ ብሎ አነበበና ወረቀቱን አጠፈው። «ቶርበኒቲ ነው ያሉት፤ ልክ ናቸው። እኔ ሰውዬውን አንገታቸውን ይዣቸዋለሁ እኮ» አለ። ቁጭ ብሎ አለቀሰ። ጃራ ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም። ክሱ ቀርቷል። ወንድሞችም ሰምተዋል፤ አንደኛው ያንቺን ስም ሳይጠራ ጸለየ።

አልተቀየምኩሽም ብዬ ልጽፍልሽ አስቤ ነበር፤ ውሸት ይሆንብኛል። ተቀይሜሻለሁ። አለማወቅሽን አይደለም፤ እኔም ሐኪሟ ስትናገር አልሰማሁም፣ አልሰማሁምና ድገሚልኝ ለማለትም አፈርኩ። ከካርቶኑ አውጪው ያልኩሽም እኔ ነኝ። ካርቶኑ ቢኖር ጃራ ያነበው ነበር፤ እንግሊዝኛ ከሁላችን ይሻላል። ያ የእኔ ነው፣ ለራሴ ወስጄዋለሁ። የሰውዬው ግን ያንቺ ነው።

ባለፈው ሳምንት ከጃራ ጋር ቡራዩ ሄጄ ነበር። ያንን ክኒን ባልወስድም ሌላ ቅባት ታዞልኝ ስለነበር ራሴ ላምጣው ብዬ ነው። እጅጌዬን ሰብስቤ ገባሁ፤ ቆዳዬ ሁለት ክርኔ ላይና አንገቴ ላይ ተመልሶ ወጥቷል፤ የተሰለፈው ሰው አየኝ፤ ይየኝ አልኩ። ባንኮኒው ላይ ያለችው ልጅ እግር ሴት ናት። ቅባቱን ለምን እንደሆነ፣ በቀን ስንቴ፣ ለስንት ቀን፣ መቼ ማቆም እንዳለብኝ ጠየቅኋት። በአማርኛ አስጻፍኳት፣ ጃራ ደግሞ በኦሮምኛ ከሥሩ ጻፈበት። ከአልጋዬ በላይ ግድግዳው ላይ ለጥፌዋለሁ። አንደኛው ልጅ ወረቀቱን አንብቦ ክፍል ቀየረ። አራቱ ቀርተዋል።

ኦቦ ዲሪርሳን ጠየቅን። ልጅቷ አታውቅም። ባለቤቱ «ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ሄዱ፣ አንድ ቃል አልተከራከሩኝም» አለን። የተከራዩበትን ቤት አገኘነው፤ ለቀዋል። አከራያቸው፣ ጠጅቱ የሚባሉ እናት፣ ሰው ነፍሰ ገዳይ ካላቸው ወዲህ መስኮት አይከፍቱም ነበር አሉን። ሃያ ስድስት ዓመት ነው በዚህ ሙያ የኖሩት አሉ። ወደ ሆለታ ይሁን ወደ ጊንጪ ሄደዋል፤ ልጅ አላቸው ይላሉ፤ ማንም በእርግጠኝነት የሚናገር የለም። ጃራ የምጠይቃቸው ይቅርታ አለኝ ብሎ የሴትዮዋን ስልክ ይዟል። እኔም አለኝ። ያንቺ ግን ከሁለታችንም ይቀድማል።

ገናን አብረን እናሳልፍ ወይ ብለሽ በየህያ በኩል ልከሽብኛል። አትምጪ። አልችልም። እናታችን ብትደውል እኔ እመልስላታለሁ፤ ታምሜ ነበር፣ ድኛለሁ እላታለሁ፤ ከዚያ በላይ አልነግራትም፤ አንቺም አትንገሪያት።

ከሰዓዲያ ፈቃድ ጠይቂ። በአምቦ መንገድ ያሉትን መድኃኒት ቤቶች አንድ በአንድ ጠይቂ፤ መድኃኒት ቤት የሠራ ሰው ሌላ ሥራ አይሠራም፣ አንዱ ያውቃቸዋል። ስታገኚያቸው ለእኔ የጻፍሽውን ለእሳቸው በአፍሽ ንገሪያቸው። በአማርኛ ንገሪያቸው። ከዚያ አብረሻቸው ቡራዩ ተመልሰሽ ባለቤቱና ሰልፈኛው ፊት ድገሚው።

ያኔ ጻፊልኝ። አላገኘኋቸውም ብለሽ ግን አትጻፊልኝ፤ ፈልጊ።

ወንድምሽ ዘርሁን